ሜሪላንድ የፈቀደውን ውርርድ ባንኬ ለምን ይከለክላል? ስለ ኢንተርኔት ቁማር ክፍያና ስለ አሜሪካ ባንኮች አሠራር

ዘሲልቨር_ስፕሪንግ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ውስጥ ሲሆን፣ በዚህ ስቴት በስልክ መተግበሪያ የስፖርት ውርርድ መያዝ ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ በሕግ የተፈቀደ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ኳስ እያየን 40 ዶላር ለማስያዝ የዴቢት ካርዴን ቁጥር ሳስገባ፣ ካርዱን የሰጠው ባንክ ክፍያውን እንዳልተቀበለው የሚገልጽ ቀይ ጽሑፍ መጣ። ደግሜ ብሞክርም ያው ሆነ። ሂሳቤ ውስጥ በቂ ገንዘብ አለ፤ በዚያው ካርድ ከአንድ ሰዓት በፊት ቤንዚን ቀድቻለሁ።

ወደ ባንኩ ስደውል ስልኩን ያነሳችው ሠራተኛ «የፌደራል ሕግ ስለሚከለክለን ነው» አለችኝ። ኩባንያው ከስቴቱ ፈቃድ ያለው መሆኑን ስነግራት ትንሽ አስጠበቀችኝና ተመልሳ «የባንኩ ፖሊሲ ነው» አለች። ሕግና ፖሊሲ የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ፣ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እንዲያስረዳኝ እጠይቃለሁ። ስለ ቁማር ጥሩነትና መጥፎነት ለመከራከር አልመጣሁም፤ እሱን ባለቤቴ በበቂ ሁኔታ ነግራኛለች።

መዝገብ_ያዥ

ወንድሜ፣ ሠራተኛዋ ሁለቱንም ጊዜ ከእውነቱ ቁራሽ ነግራዎታለች። በአንድ መካከለኛ ባንክ ውስጥ መጀመሪያ በካርድ ክፍል፣ በኋላም ኮምፕላያንስ በሚባለው፣ ባንኩ ሕግና ደንብ ማክበሩን በሚከታተለው ክፍል ስሠራ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል፤ የማውቀውን ልጻፍ። ዓመቶቹን በሙሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጠቅሳ የነበረው ሕግ በ2006 የወጣው የሕገ ወጥ የኢንተርኔት ቁማር ማስፈጸሚያ ሕግ ነው። ብቻውን ቀርቦ የጸደቀ ሕግ ሳይሆን፣ ስለ ወደቦች ደኅንነት በወጣ ሌላ ሕግ ጀርባ ታዝሎ ያለፈ ነው፤ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ የፈረሙት ኦክቶበር 13 ቀን 2006 ነው። ሕጉ እንደ እርስዎ ያለውን ተወራራጅ አይከስም። የሚከለክለው የቁማር ንግድ የሚያካሂደውን ሰው ነው፤ ይህ ሰው ከሕገ ወጥ የኢንተርኔት ውርርድ ጋር የተያያዘ የካርድ ክፍያ፣ ቼክ ወይም የኤሌክትሮኒክ ዝውውር እያወቀ ቢቀበል እስከ 5 ዓመት የሚደርስ እስራት ይጠብቀዋል። ባንኮችን የሚነካው ሁለተኛው ክፍል ሲሆን፣ ፌደራል ሪዘርቭ የሚባለው የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክና የአሜሪካ ግምጃ ቤት እንዲህ ያሉ ክፍያዎች ተለይተው የሚታገዱበትን ደንብ በጋራ እንዲያወጡ አዘዘ። እኛ «ሬጉሌሽን ጂጂ» የምንለው ደንብ በኖቬምበር 2008 ወጣ፤ ባንኮች ሙሉ በሙሉ እንዲያከብሩት መጀመሪያ የተቀጠረው ለዲሴምበር 1 ቀን 2009 ነበር፤ ባንኮችም ሌሎችም አቤት ስላሉ በስድስት ወር ተራዝሞ ከጁን 1 ቀን 2010 ጀመረ።

አሁን ወደ እርስዎ 40 ዶላር ልምጣ። የካርድዎን ቁጥር ባስገቡ ጊዜ ወደ ባንክዎ የሚደርሰው መልእክት አጭር ነው። በውስጡ የካርዱ ቁጥር፣ የገንዘቡ መጠን፣ የነጋዴው ስምና አገር፣ እንዲሁም የንግዱን ዓይነት የሚናገር ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አለ። ግሮሰሪ 5411 ነው። ቤንዚን የቀዱበት ማደያ 5541 ወይም 5542 ነው። ቁማር ደግሞ 7995 ነው። የባንኩ ኮምፒውተር 7995ን ሲያይ፣ ክፍያውም ካርዱ በአካል ሳይቀርብ በኢንተርኔት የመጣ መሆኑን ሲያነብ «እምቢ» እንዲል ከተዘጋጀ፣ የሚጠየቅ ሰው የለም፤ ነገሩ የሚያልቀው በዓይን ጥቅሻ ነው። ይህ ቁጥር ንግዱ ቁማር መሆኑን እንጂ ቁማሩ ሕጋዊ መሆን አለመሆኑን አይናገርም። ከሜሪላንድ ስቴት ፈቃድ የተሰጠው ኩባንያም፣ በአንዲት የካሪቢያን ደሴት የተመዘገበና በሜሪላንድ ምንም ፈቃድ የሌለው ድረ ገጽም ለዓመታት በአንድ ቁጥር ነበር የሚጠሩት። የካርድ ድርጅቶቹ ችግሩን አይተው ለአሜሪካ ብቻ የሚያገለግሉ ሦስት ቁጥሮችን ጨመሩ፤ 7800 ለመንግሥት ሎተሪ፣ 7801 ፈቃድ ላላቸው የኢንተርኔት ካዚኖዎች፣ 7802 ፈቃድ ላለው የፈረስና የውሻ እሽቅድምድም። ሆኖም እነዚህን ለይቶ የማሳለፍ ግዴታ በማንም ባንክ ላይ አልተጣለም።

አንቀጽ_በአንቀጽ

መዝገብ_ያዥ የጻፉት ትክክል ነው፤ እኔ ከሕጉ ጽሑፍ ጋር ላገናኘው። የችግሩ ሥር ሕጉ ጥርት ያለ ትርጉም ሳይሰጥ ለባንኮች ሥራ መስጠቱ ነው። «ሕገ ወጥ የኢንተርኔት ቁማር» ማለት ውርርዱ በተጀመረበት፣ በተቀበለበት ወይም በሌላ መንገድ በተፈጸመበት ቦታ የሚሠራ የፌደራል ወይም የስቴት ሕግ የሚከለክለው ውርርድ ነው ይላል፤ ከዚያ አልፎ አይሄድም። ስለዚህ አንድ ባንክ ክፍያን በሕጉ መሠረት ለመለየት ቢፈልግ፣ ደንበኛው በዚያች ደቂቃ በየትኛው ስቴት ቆሞ እንደነበር፣ ምን ዓይነት ጨዋታ እንደተጫወተ፣ ያ ስቴት ስለዚያ ጨዋታ ምን እንደሚል፣ በዚያ ላይ የ1961ዱ የፌደራል የስልክ ውርርድ ሕግ እንዴት እንደሚተረጎም ማወቅ ይኖርበታል። የመጨረሻውን የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ራሱ አልጸናበትም። በ2011 መጨረሻ ያ ሕግ የሚመለከተው የስፖርት ውርርድን ብቻ ነው አለ፤ በ2018 አስተያየቱን ገለበጠ፤ በጃንዋሪ 2021 ደግሞ የኒው ሃምፕሻየር ሎተሪ ባቀረበው ክስ የመጀመሪያው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ወደ ፊተኛው ትርጉም መለሰው። የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ጠበቆች ያልተስማሙበትን የካርድ ክፍል ኮምፒውተር በአንድ ሰከንድ ይፍታው ማለት ቀልድ ነው።

የኢንተርኔት ቁማር ባለቤቶች ሕጉ ግልጽነት ስለሌለው ዋጋ የለውም ብለው ተከራክረው ነበር። የሦስተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2009 አልተቀበላቸውም።

ለጠያቂው የሚጠቅመው ሌላ ነጥብ አለ። በአንድ ስቴት ውስጥ ተጀምሮ እዚያው የሚያልቅ፣ ስቴቱ በግልጽ የፈቀደውና ዕድሜንና የተወራራጁን አካባቢ የማረጋገጥ ግዴታ ያለበት ውርርድ ከሕጉ ክልከላ ውጭ ነው። መተግበሪያው የቆሙበትን ቦታ ካላሳዩት አልከፈትም የሚለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ያደረጉት ሙከራ በ2006ቱ ሕግ የተከለከለ አልነበረም። ሕጉ እንዲያውም ደንብ አውጪዎቹ እንዲህ ያለው የተፈቀደ ክፍያ እንዳይታገድ ያረጋግጡ ይላል።

ዘሲልቨር_ስፕሪንግ

እንግዲያው ባንኩ ሕጉን ጥሷል ማለት ነው?

አንቀጽ_በአንቀጽ

አይደለም፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፌደራል ሪዘርቭና ግምጃ ቤቱ ያንን ሐረግ የተረጎሙት «ደንቡ ራሱ የተፈቀደውን እንዲያግዱ አያስገድዳችሁም» በሚል መንገድ ነው፤ «ማሳለፍ አለባችሁ» አላሉም። በሌላ በኩል ሕጉ ለባንኮች ጥላ ዘርግቷል፤ የተከለከለ ነው ብሎ በበቂ ምክንያት ያመነበትን ክፍያ ያገደ ባንክ፣ በኋላ ክፍያው ሕጋዊ ሆኖ ቢገኝ እንኳ በዚህ ምክንያት አይጠየቅም። እንግዲህ በሚዛን ያስቀምጡት። ሁሉንም ቢዘጋ የሚከሰው የለም። ለይቶ ለማሳለፍ ሲሞክር ቢሳሳት ግን ተቆጣጣሪው መጥቶ አሠራርህን አሳየኝ ይለዋል። ለባንኩ የሚቀረው ትርፍ ከ40 ዶላር ላይ የምትቆረጥ ጥቂት ሳንቲም ናት። እርስዎ የባንኩ ኃላፊ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?

ስለዚህ ለጥያቄዎ የምሰጠው መልስ፣ ያገድዎት ፖሊሲ ነው፤ ፖሊሲውን የወለደው ግን ሕጉ ነው የሚል ይሆናል።

ባለሱቋ_ከአሌክሳንድሪያ

እኔ ስለ ሌላኛው ወገን ልናገር። ቨርጂኒያ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለኝ፤ እንደ ብዙዎቻችን ሱቅ ጥግ ላይ የሎተሪ ማሽን ተቀምጧል። ባለፈው ዓመት ሁለተኛ የንግድ ሂሳብ ለመክፈት ወደ አንድ ባንክ ሄድሁ። ወጣቱ ሠራተኛ ስለ ገቢ፣ ስለ ጥሬ ገንዘብ፣ ስለ ሐዋላ ጠይቆ ከጨረሰ በኋላ ወረቀቱን ገልብጦ አንድ አረፍተ ነገር ላይ ጣቱን አሳረፈ። ድርጅቱ በኢንተርኔት የቁማር ሥራ ይሠራል ወይ የሚል ነበር፤ አጠገቡ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች አሉ። እኔም በየዋህነት «ሎተሪ እሸጣለሁ» አልሁት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አልደብቅም፤ አናደደኝ። ማሽኑ የስቴቱ ሎተሪ መሆኑን፣ ቲኬቱን ሰው ቆሞ በጥሬ ገንዘብ እንደሚገዛ፣ ሎተሪው የሳምንቱን ሽያጭ በየሳምንቱ ከሂሳቤ በቀጥታ እንደሚወስድ አስረዳሁት። ሥራ አስኪያጇ ተጠራች፤ ከሎተሪው ጋር የተፈራረምነውን ውል ቅጂ አምጪ ተባልሁ፤ ሂሳቡ የተከፈተው በዘጠነኛው ቀን ነው። ከዚያም በፖስታ ከመጣው የሂሳብ ውል ውስጥ ከሕገ ወጥ የኢንተርኔት ቁማር ጋር የተያያዘ ክፍያ በዚህ ሂሳብ ማንቀሳቀስ የተከለከለ መሆኑን የሚያስታውቅ አንቀጽ አገኘሁ። እስከ ዛሬ የማነሳው ጥያቄ፣ ወተትና እንጀራ የምሸጥ ሴት ለዚህ ሕግ ምኗ ናት የሚል ነው።

መዝገብ_ያዥ

እህቴ፣ በነገሩ ያዝንሁ ቢሆንም የጻፉት ከእኔ ረጅም ጽሑፍ ይልቅ የሕጉን ልብ ያሳያል። ሰው ሁሉ ሕጉ የሚሠራው ተወራራጁ ካርዱን በሚያስገባበት ጫፍ ይመስለዋል። ደንቡ ግን ዋናውን ሸክም የጣለው በሌላው ጫፍ፣ የቁማር ነጋዴው ሂሳብ በሚከፍትበት ጠረጴዛ ላይ ነው።

ደንቡ የሚመለከታቸው የክፍያ መንገዶች አምስት ናቸው፤ ካርድ፣ ከሂሳብ ወደ ሂሳብ የሚደረገው ኤሲኤች፣ ቼክ፣ ዋየር የሚባለው ከባንክ ወደ ባንክ ቀጥታ የሚላክ ገንዘብ፣ እና ገንዘብ አስተላላፊዎች። ከእነዚህ ውስጥ ካርዱ ብቻ ነው የንግዱን ዓይነት በቁጥር የሚናገረው። ቼክን የሚያነበው ማሽን የባንክ ቁጥር፣ የሂሳብ ቁጥርና የገንዘብ መጠን እንጂ ቼኩ ለምን እንደተጻፈ አያይም። በኤሲኤች መልእክት ላይም የኩባንያ ስም አለ፤ 7995 የሚባል ነገር ግን የለም። ደንብ አውጪዎቹ ይህን ስለተረዱ፣ በኤሲኤች፣ በቼክና በዋየር ላይ ያሉትን አብዛኞቹን ባንኮች ከግዴታው ነፃ አድርገዋቸዋል። ግዴታው የቀረው በዋናነት ገንዘቡን የሚሰበስበው ነጋዴ ሂሳብ ባለበት ባንክ ላይ ነው። ገንዘቡ ከውጭ አገር ባንክ ጋር የሚገናኝ ከሆነ ደግሞ እዚህ አገር መጀመሪያ የሚቀበለው ባንክ ላይ አንዳንድ ነገር ተጨምሯል።

የዚያ ባንክ ሥራ ሂሳብ ሲከፈት ደንበኛውን ማጣራት ነው። ድርጅቱ በኢንተርኔት ቁማር የመሰማራት ዕድሉ እጅግ ትንሽ ከሆነ ተጨማሪ ወረቀት አይጠየቅም፤ የእርስዎ ሱቅ እዚህ ላይ ማለፍ ነበረበት፤ «ሎተሪ» የሚለው ቃል ልጁን ባያስደነግጠው ያልፍም ነበር። ባንኩ እርግጠኛ ካልሆነ፣ ድርጅቱ በኢንተርኔት ቁማር እንደማይሠራ የሚያረጋግጥ ጽሑፍ ይፈርማል። እሠራለሁ ካለ ደግሞ የስቴት ወይም የነባር ሕዝቦች አስተዳደር የሰጠውን ፈቃድ ወይም ሥራው ሕጋዊ መሆኑን የሚያሳይ የሕግ ባለሙያ አስተያየት ያቀርባል፤ በፈቃዱ ወሰን ውስጥ ለመቆየቱም ቃል ይገባል፤ ዕድሜንና አካባቢን የሚለይበት ሥርዓት መኖሩን ደግሞ ሦስተኛ ወገን ያረጋግጥለታል።

ባንኮች በወቅቱ የለመኑት ሌላ ነገር ነበር። መንግሥት የሕገ ወጥ ቁማር ድርጅቶችን ስም ዝርዝር ያውጣልንና በዚያ እናጣራ አሉ፤ ፌደራል ሪዘርቭና ግምጃ ቤቱ አልተቀበሉትም። በግሌ ትክክል ነበሩ እላለሁ። ዛሬ የተዘረዘረ ስም ነገ በሌላ ስም ይመጣል።

የድሮ_ፖከርተኛ

በሌላ ስም የመምጣቱን ነገር በዓይኔ ስላየሁት ልጨምር። በ2006 ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ማታ ማታ በኢንተርኔት ፖከር እጫወት ነበር፤ ማንም እንደማይሰማኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከሕጉ በፊትም ቢሆን ካርድ ችግር ነበረው። በ2002 ሲቲባንክ ከኒው ዮርክ ዐቃቤ ሕግ ከኤሊዮት ስፒትዘር ጋር ተስማምቶ የቁማር ክፍያዎችን በክሬዲት ካርዶቹ ላይ ማገድ ጀምሮ ነበር፤ ሌሎችም ተከተሉ። ስለዚህ ሰው ኔቴለር በሚባል የኢንተርኔት ክፍያ ኩባንያ በኩል ይከፍል ነበር። በጃንዋሪ 2007 ግን የኔቴለር ሁለት መሥራቾች አሜሪካ ውስጥ ተያዙ፤ ኩባንያው ከአሜሪካ ወጣ፤ በኋላም 136 ሚሊዮን ዶላር ለመንግሥት ለመልቀቅ ተስማማ። የደንበኞቹ ገንዘብ የተመለሰው ከወራት በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ገንዘብ የሚከፍሉን በቼክ ነበር። በ2009 በጋ ላይ ከምጫወትበት ድረ ገጽ 600 ዶላር ቼክ መጣልኝ። ከፋዩ ከፖከር ጋር ምንም የማይመስል፣ ሰምቼው የማላውቅ ድርጅት ነው። ባንኬ አስገባሁት፤ በሳምንቱ ተመልሶ መጣ፤ የተመለሰ ቼክ ቅጣትም ከሂሳቤ ተቆረጠ። በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። የኒው ዮርክ ደቡባዊ ወረዳ ዐቃቤ ሕግ ለፖከር ድረ ገጾቹ ገንዘብ የሚያስተላልፉትን የክፍያ አቀናባሪዎች ሂሳብ በአራት ባንኮች ውስጥ አሳግዶ ነበር፤ የታገደው ወደ 34 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን የ27,000 ያህል ተጫዋቾች ገንዘብ ነበር። እኔ የራሴን ባንክ ስረግም ነበር የሰነበትሁት፤ የኔ ባንክ ግን በሥርዓቱ መሠረት የተመለሰ ቼክ ነው የመለሰልኝ።

ትልቁ ነገር የመጣው ኤፕሪል 15 ቀን 2011 ነው፤ ፖከርተኛ ሁሉ «ጥቁሩ ዓርብ» ይለዋል። ፖከርስታርስ፣ ፉል ቲልትና አብሶሉት ፖከር የተባሉት ሦስቱ ትልልቅ ድረ ገጾች ታገዱ፤ አሥራ አንድ ሰዎች ተከሰሱ። የክሱን ወረቀት አንብቤው ነበር። ክፍያዎቹ በሌሉ ሱቆች ስም፣ ጌጣጌጥና የጎልፍ ኳስ በሚሸጡ የሚመስሉ ድርጅቶች ስም ያልፉ ነበር። ለባንክ ሲቀርብ ፖከር የሚባል ነገር የለም፤ የጎልፍ ኳስ ነው። ስለዚህ ክሱ በ2006ቱ ሕግ ላይ ብቻ የቆመ አልነበረም፤ ባንክን በማታለልም ጭምር እንጂ። ይህ መንገድ ሲከብዳቸው ደግሞ እያወቀ የሚያስተናግዳቸው ባንክ ፈለጉ። በክሱ መሠረት ዩታ ውስጥ በምትገኘው ሴንት ጆርጅ ከተማ ያለ ሰንፈርስት የሚባል ትንሽ ባንክ፣ 10 ሚሊዮን ዶላር ኢንቨስትመንት አግኝቶ የፖከር ክፍያዎችን ለማስተናገድ ተስማምቶ ነበር። ያ ባንክ በኖቬምበር 2011 በተቆጣጣሪዎች ተዘጋ። ፖከርስታርስ በ2012 ጉዳዩን በ731 ሚሊዮን ዶላር ዘጋ።

መዝገብ_ያዥ

የድሮ_ፖከርተኛ የጻፉት ለኛ ሙያ ትምህርት ቤት ነው። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ የማሳየው ይህንኑ ነው፤ «የጎልፍ ኳስ ሱቅ» ብሎ ሂሳብ የከፈተን ሰው በስሙ ሳይሆን በገንዘቡ አካሄድ ነው የምናውቀው። የአበባ ሱቅ ከሆነ ሽያጩ በእናቶች ቀን ይጨምራል፣ ሌሊት ይቀንሳል፣ ዋጋውም 34 ከ87 ሳንቲም፣ 52 ከ19 እያለ የተሰባበረ ነው። አንድ ጊዜ ጠረጴዛዬ ላይ የመጣ መዝገብ ግን 50፣ 100፣ 100፣ 200፣ 50 ይላል፤ ሁሉም ክብ ቁጥር፤ ከሌሊቱ አራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት፤ ቅዳሜና እሑድ እጥፍ። ተመላሽ ዕቃ የለም። በሌሊት አበባ የሚገዛ ሰው ሊኖር ይችላል፤ በ100 ዶላር ልክ ከአንድ ሰው በአንድ ሌሊት ሰባት ጊዜ ግን አይኖርም። ሂሳቡን ዘጋነው፤ ሪፖርትም አቀረብን። ይህንን ያገኘነው የ2006ቱ ሕግ ስለኖረ ነው ብዬ አልመጻደቅም፤ ገንዘብ ማጠብን ለመከላከል ከዚያ በፊት የነበረው ሥርዓት ያገኘው ነበር። ሕጉ የጨመረው ነገር ቢኖር ቁማርን ለይቶ የመጠየቅ ግዴታን ነው።

ታዛቢው

ሁላችሁም ስለ መንገዱ ብቻ ስትናገሩ አንድ ነገር ተዘለለ። ጠያቂው ስለ ጥሩነትና መጥፎነት አልከራከርም ብለዋል፤ አከብራለሁ። ነገር ግን የባንኩ «እምቢታ» እንደ ስህተት ብቻ መታየቱን አልቀበልም። ታናሽ ወንድሜ በክሬዲት ካርድ ሲወራረድ ነበር። ብዙ ባንኮች የቁማርን ክፍያ እንደ ተራ ግዢ ሳይሆን በካርድ ጥሬ ገንዘብ እንደ መበደር ነው የሚቆጥሩት፤ ክፍያ ይቆረጣል፣ ወለዱም የእፎይታ ቀን ሳይሰጥ ከዚያው ቀን ይጀምራል። ወንድሜ ይህን ያወቀው የወሩ መግለጫ ሲመጣ ነው፤ እናታችን ያወቀችው ደግሞ ከስምንት ወር በኋላ ነው። ካርዱ በመጀመሪያው ቀን እምቢ ቢለው ኖሮ ባንኩን እስመው ነበር።

ለንደን_ጭጋግ

ታዛቢው ባነሱት ላይ ከዚህ ያለውን ልንገራችሁ። እንግሊዝ አገር ጥያቄው ከናንተው የተለየ ነው። የኢንተርኔት ቁማር ፈቃድ ላለው ሁሉ የተፈቀደ ስለሆነ ባንኩ ሕጋዊውን ከሕገ ወጡ እንዲለይ አይደለም የተፈለገው፤ የተነሳው የብድር ጉዳይ ነው። የቁማር ኮሚሽኑ ከኤፕሪል 14 ቀን 2020 ጀምሮ በክሬዲት ካርድ መወራረድን ከለከለ፤ ክልከላው የተጣለው በቁማር ድርጅቶቹ ፈቃድ ላይ ነው። በዴቢት ካርድ ይቻላል። ከዚያ በተጨማሪ ባንኮቹ በራሳቸው መተግበሪያ ላይ የቁማር መዝጊያ አላቸው፤ ሞንዞና ባርክሌይስ በ2018 ከጀመሩት መካከል ናቸው። ደንበኛው ራሱ ይዘጋዋል፤ ሞንዞ ላይ መልሶ ለመክፈት 48 ሰዓት ያስጠብቃል። መዝጊያው የሚሠራው መዝገብ_ያዥ በነገሩን በዚያው 7995 ነው፤ ቁልፉ ግን በደንበኛው እጅ ነው። ስለዚህ በባንክ ዝውውር የከፈለ ሰው መዝጊያውን ሊያልፈው ይችላል፤ ይህን የማውቀው ከቅርብ ሰው ነው፤ ዝርዝሩን አላወጣም።

አውስትራሊያም ከጁን 2024 ጀምሮ ክሬዲት ካርድን ከኢንተርኔት ውርርድ ላይ አስወጥታለች።

ከዳላስ

አንድ ጥያቄ ብቻ። አዲስ አበባ ያለ የአክስቴ ልጅ በየሳምንቱ ለውርርድ ገንዘብ ላክልኝ ይለኛል፤ በስልክ መተግበሪያ ነው የምልክለት። እዚያ የስፖርት ውርርድ ፈቃድ እየተሰጠው የሚሠራ ነው። እኔ በዚህ ሕግ እጠየቃለሁ ወይ?

መዝገብ_ያዥ

እርስዎ የቁማር ንግድ ስለማያካሂዱ አይጠየቁም፤ ዘመድ ለዘመድ የላከው ገንዘብም ለአስተላላፊው የዘመድ ገንዘብ ነው። በደንቡ ውስጥ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ገንዘብ አስተላላፊዎች ግዴታው የሚመለከታቸው ደንበኛው ከቢሮ ውጭ ሆኖ፣ ማለትም በስልክ ወይም በኢንተርኔት መላክ የሚችል ከሆነ ነው፤ መስኮት ላይ ቆመው በጥሬ ገንዘብ የሚልኩት አይገባበትም። ድርጅቱ የሚከታተለው ወደ አንድ ተቀባይ የሚጎርፍ ያልተለመደ የክፍያ አካሄድን ነው፤ ከመቶ ሰው ወደ አንድ ሰው የሚሄድ ትንንሽ ገንዘብ ካየ ይጠይቃል። የአክስትዎ ልጅ አንድ ላኪ ነው ያለው፤ እርስዎን። የአሜሪካ ካርድዎን ቀጥታ እዚያ ባለ የውርርድ ድረ ገጽ ላይ ቢያስገቡ ግን ሌላ ነው፤ ባንክዎ 7995ና የውጭ አገር ስም አንድ ላይ ካየ በአብዛኛው ይዘጋዋል። እንዲያው ለወንድማዊ ምክር ያህል፣ በየሳምንቱ የሚለውን ነገር ያስቡበት።

ዘሲልቨር_ስፕሪንግ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ። መዝገብ_ያዥ በኤሲኤች መልእክት ላይ የንግድ ቁጥር የለም ካሉ በኋላ፣ ትናንት ማታ መተግበሪያው ላይ ካርዱን ትቼ «የባንክ ሂሳብ አገናኝ» የሚለውን መረጥሁ። የባንኬን ስም ነካሁ፤ የራሱ የባንኩ መግቢያ ገጽ ተከፈተ፤ የይለፍ ቃሌን አስገባሁ፤ ስልኬ ላይ የመጣውን ስድስት አሃዝ ጻፍሁ። 40 ዶላሩ ወዲያው አለፈ። ያው ባንክ፣ ካርዱ የሚስበው ያው ሂሳብ፣ ያው ኩባንያ፣ ያው ገንዘብ።

ዛሬ ጠዋት እንደገና ደወልሁ፤ የሌላ ሠራተኛ ድምፅ ነበር። ካርዱ ለምን እንደተከለከለ ስጠይቀው «የፌደራል ሕግ» አለኝ። ከሂሳቡ ቀጥታ የሄደው ለምን እንዳለፈ ስጠይቀው ለረጅም ጊዜ ሲተይብ ሰማሁት፤ ከዚያም «እሱ የኤሲኤች ክፍል ነው፣ ላገናኝዎት?» አለ። አመስግኜ ዘጋሁት።

ባለሱቋ_ከአሌክሳንድሪያ

ውርርዱስ?

ዘሲልቨር_ስፕሪንግ

ጨዋታው ገና ቅዳሜ ነው፤ ባለቤቴ ግን ከወዲሁ ተበልቷል ብላ መዝግባዋለች።